የአክስቴ ሂንዲ

የሌላው ሰው ዘመድ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ የእኛ ግን ከህንድ መጣ።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 2003 መሆኑ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ነበረን። አባቴ ተሻገር ታክሲ ይነዳል። እናቴ አሰፋሽ ደግሞ ዊተን ከተማ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ ከኤርፖርት አራት ሻንጣና ሁለት ሰዎች ይዞ ገባ። አንደኛዋ የእናቴ ታላቅ እህት አክስቴ ስሂን ናት፤ ሌላው ባሏ ጋሽ ወንድሜነህ።

እናቴ እህቷን አቅፋ ስታለቅስ እኔ የአክስቴን ግንባር እየመረመርኩ ነበር። ቀይ ነጥብ የለውም። ጋሽ ወንድሜነህም ጥምጣም አልጠመጠመም። በጣም ቅር አለኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ “ከህንድ ዘመዶች ሊመጡልኝ ነው” ብዬ ለክፍሉ ሁሉ አውጄ ነበር፤ የመጡት ግን እንደ ማንኛችንም ሐበሾች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባልና ሚስቱ ለማስተርስ ህንድ ሄደው ትምህርታቸውን ሲጨርሱ፣ ተራራ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ሥራ አገኙ። እሷ ሒሳብ፣ እሱ ጂኦግራፊ። ስድስት ዓመት ካስተማሩ በኋላ ዲቪ ደረሳቸውና እኛ ቤት መጡ። የእኔ መኝታ ቤት ለእነሱ ተሰጠ። እኔ ፍራሼን ይዤ እናትና አባቴ አልጋ ግርጌ ገባሁ።

“ለትንሽ ጊዜ ነው” አለችኝ እናቴ።

እኔ ግን እንዲያልቅ አልፈለግኩም። እነሱ ከመጡ ወዲህ እራት ላይ ቴሌቪዥን መክፈት ቀረ። ጋሽ ወንድሜነህ ነዋ የሚታየው።

“ማስታወቂያው ‘የውጭ አገር መምህራን ይፈለጋሉ’ ነው የሚለው” ብሎ ይጀምራል፣ ሹካውን አስቀምጦ። “ፎቶ አልጠየቁንም፤ በደብዳቤ ተቀጠርን። አሥራ አንድ ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዘን ስንደርስ፣ ፕሪንሲፓሉ ሚስተር ጆሺ ራሱ የአበባ ጉንጉን ይዞ ቆሟል። በእኛ ጭንቅላት ላይ አሻግሮ ያያል። ሰው ሁሉ ወርዶ አለቀ። እኛም ቆምን፣ እሱም ቆመ፣ አበባውም ጠወለገ። በመጨረሻ ጠጋ ብሎ ‘ይቅርታ፣ ፈረንጆቹን አውቶቡሱ ውስጥ አይታችኋቸዋል?’ አለኝ።”

አባቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ የጎረሰውን ሳይውጥ ይስቃል። “እና ምን አልከው ወንድሜ?”

“‘የውጭ አገር ሰዎቹ እኛ ነን’ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ ጎንበስ ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ጭንቅላቱን እንዲህ አደረገ።” ጋሽ ወንድሜነህ ጭንቅላቱን እንደ ሚዛን አንዴ ወደ ግራ ትከሻው፣ አንዴ ወደ ቀኝ ትከሻው ያጋድላል። “እምቢ ያለን መስሎን ሻንጣችንን መልሰን አውቶቡሱ ላይ መጫን ጀመርን። ለካ እሺ ማለቱ ነው!”

ከስድስት ዓመት በኋላ ያ የአንገት ነገር በጋሽ ወንድሜነህ ላይ ተጋብቶበት ነበር። አባቴ “ሻይ ልቅዳልህ?” ሲለው ጭንቅላቱን ያወዛውዛል። አባቴ ማንቆርቆሪያውን አንስቶ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ይቀዳ ይተው ግራ ይገባዋል። አንድ ቀን አባቴ አርሊንግተን ውስጥ ፓርኪንግ ጋራዥ የሚሠራ ጓደኛውን ለምኖ ኢንተርቪው አስያዘለት። ማናጀሩ “ሰኞ መጀመር ትችላለህ?” ብሎ ጠየቀው። ጋሽ ወንድሜነህ ጭንቅላቱን አወዛወዘ። ማናጀሩም አመስግኖ ሸኘው።

“እሺ ነበር እኮ ያልኩት!” አለ ቤት ሲመለስ፣ በጣም ያዘነ መስሎ።

እኔ ከልቤ አዘንኩለት። ዛሬ አድጌ “እውነት አውቀህ አልነበረም?” ብዬ ስጠይቀው ጭንቅላቱን ያወዛውዛል።

የህንድ ኑሯቸውን ሳንሰለች እንሰማ ነበር። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ በታች ቁልቁለቱ ላይ ያለች፣ ባለ አንድ ክፍል የመምህራን መኖሪያ ናት። ዝናቡ ሦስት ወር ስለማያባራ ጫማቸው በአንድ ሳምንት አረንጓዴ ሻጋታ ያበቅላል። ገላ የሚታጠቡት በባልዲ ነው፤ ውሃውን የሚያሞቁት ባልዲው ውስጥ በሚነከር የኤሌክትሪክ ብረት ነው፤ መብራት ከሄደ ደግሞ በጸሎት። የትምህርት ቤቱ ግቢ ሥጋ አይገባበትም።

“እዚያ ሳምንቱ ሙሉ ረቡዕና አርብ ነው” ይላል ጋሽ ወንድሜነህ። “ስድስት ዓመት ሙሉ ጾመን፣ ፋሲካ የሚባል ነገር ሳናይ መጣን።”

ከሁሉ የምወደው የጦጣውን ነው። አንድ ከሰዓት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ የፈተና ወረቀት ሲያርም፣ ጦጣ መጥቶ እስሩን ሙሉ ይዞ ጣሪያ ላይ ወጣ። ከዚያ አንድ በአንድ እያየ ይወረውረው ጀመር፣ እንደ መምህር። ተማሪዎቹ ከታች እየሮጡ ለቀሙ። ዘጠኝ ወረቀት ግን ጠፋ። ሚስተር ጆሺ ስብሰባ ጠርቶ፣ ሁለት ሰዓት ተመክሮበት፣ ጦጣ ወረቀቱን የወሰደበት ተማሪ እንዲያልፍ ተወሰነ።

“በሚቀጥለው ፈተና ሰሞን” ይላል ጋሽ ወንድሜነህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ከትምህርት ቤቱ መመገቢያ አዳራሽ ሙዝ ጠፋ። ጠዋት በሬን ስከፍት ደጄ ላይ ሙዝ፣ መስኮቴ ሥር ሙዝ፣ ጣሪያዬ ላይ ሙዝ።”

“አሥራ አንድ ወረቀት ነው የጠፋው” ትለዋለች አክስቴ ከማጠቢያው አጠገብ። እሷ ታሪክ አታወራም፤ የእሱን ቁጥር ታርማለች። ሳህን የምታጥበው እሷ፣ የእኔን የቤት ሥራ የምታየው እሷ፣ የአማርኛ ፊደል የምታስቆጥረኝም እሷ ናት። እናቴ “እትዬ ስሂን፣ በእግዚአብሔር ቁጭ በይ! እንግዳ አይደለሽም እንዴ?” ስትላት ሳህኑን ይበልጥ ትፈትጋለች።

እሷና ጋሽ ወንድሜነህ አንዳንዴ በሂንዲ ይነጋገራሉ። እኛ ፊት፣ ሁላችንም በተቀመጥንበት። አክስቴ ወደ ባሏ ጎንበስ ትልና፣ ፈገግ ብላ፣ በለሰለሰ ድምፅ “ቱም ገዴ ሆ” ትለዋለች። እሱም ፈገግ ብሎ “ጃኔ ዶ፣ ጃኔ ዶ” ይላታል። ቁጣ የለ፣ ጩኸት የለ። የእኔ እናትና አባት የሚነጋገሩት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየተጯጯሁ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ጨዋ ፍቅር አይቼ አላውቅም ነበር።

ትርጉሙን ለማወቅ ብዙ አልተቸገርኩም። አንድ ቀን እናቴን ኩሽና ውስጥ ያዝኳትና፣

“እማዬ፣ አክስቴ ጋሼን ምን እንደምትለው አውቄያለሁ። ገዴ ሆይ! ነው የምትለው። ገዴ ነህ ማለት ነው” አልኳት።

እናቴ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። “ሂንዲና አማርኛ ይመሳሰላሉ ሲባል ሰምቻለሁ” አለች፣ እንደሚያውቅ ሰው።

የዚያን ዕለት አባቴ ከሥራ ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ደረሰችበት። “አየሃቸው? አሥራ ሦስት ዓመት በትዳር ኖረው ዛሬም ‘ገዴ’ ነው የሚባባሉት። አንተ አንድ ቀን ‘ገዴ’ ብለኸኝ ታውቃለህ?”

“በስምሽ እጠራሻለሁ። ስምሽ ምን ጎደለው?” አለ አባቴ።

ግን ነገሩ ከንክኖታል። በማግስቱ ቁርስ ላይ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ማንንም ሳያይ፣ “ገዴ፣ የመኪናዬን ቁልፍ አይተሽዋል?” አለ።

እናቴ እንዳልሰማች ሆነች፣ እንዲደግመው።

“ገዴ! ቁልፉን!”

አክስቴ የምትጠጣው ሻይ ትን አላት። ጋሽ ወንድሜነህ ጀርባዋን እየመታ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ደስታ መሰለኝ። የፍቅር ቃላቸው በእኔ በኩል ለቤተሰቡ ሁሉ በመዳረሱ።

ሌላም ዓረፍተ ነገር ነበራቸው። አክስቴ እራት ሲቀርብ፣ ሁላችንም ስንቀመጥ፣ ሳህኗን እያየች “ከብ ታክ ያሃ ራሄንጌ” ትላለች። ይህኛው ጸሎት እንደሆነ ተረዳሁ። ህንድ ውስጥ ከብት እንደሚከበር ጋሽ ወንድሜነህ ነግሮናል፤ “ከብት” የሚለውን ደግሞ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ሁለቱን ዓረፍተ ነገር ፍራሼ ላይ ተኝቼ ተለማመድኩ። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ እንደ እሷ አድርጌ፣ ፈገግታው ሳይቀር፣ እደግማቸው ጀመር። ለራሴ ብቻ፣ መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት።

በኅዳር ወር መጨረሻ አባቴ ከኤርፖርት አንዲት ህንዳዊት ሴት ጭኖ ወደ አሌክሳንድሪያ ሲወስድ፣ እንደ ልማዱ ወሬ ጀመረ። የሚስቱ እህት ህንድ አገር ሒሳብ ታስተምር እንደነበር ነገራት። ሴትየዋ ሚስስ ማቱር ትባላለች። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ልጆች ከትምህርት በኋላ ሒሳብና ንባብ የሚያጠኑበት ትንሽ ቤት አላት። የሒሳብ አስተማሪዋ ለቅቃባታለች። “ኢንተርቪው ላደርጋት እፈልጋለሁ” አለችው። አባቴም ደስታውን መቆጣጠር አቃተውና ለቅዳሜ ምሳ ቤታችን ጠራት።

አክስቴ ይህን ስትሰማ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። “ተሻገር፣ ሰው ኢንተርቪው የሚደረገው ሽሮ እየበላ ነው?”

“ሥጋ አልበላም ብላኛለች። ሽሮ ነው እንግዲህ” አለ አባቴ።

ያኔ የማላውቀው ብዙ ነገር ነበር። ሚስተር ጆሺ፣ ቦታቸው እስከ አዲሱ ዓመት ክፍት እንደሚሆን ጽፎላቸው ነበር። ጋሽ ወንድሜነህ ሊመለስ ፈልጓል፤ እዚያ “ሰር” ተብሎ የሚነሡለት አርባ ልጆች አሉት፣ እዚህ ግን የትምህርት ወረቀቱን የሚያይለት እንኳ አጥቷል። አክስቴ መመለስ አትፈልግም፤ ግን ደግሞ የታናሽ እህቷን ቤት አጣባ፣ የእኔን አልጋ ይዛ መኖሩ አንገቷን አስደፍቷታል። ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ የሚካሄደው እኛ እንዳንሰማ በሂንዲ፣ እንዳንጠረጥር በፈገግታ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። እናቴ ከማለዳው ጀምራ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር አዘጋጀች። አክስቴ አንድ ሱፍ ልብሷን ሁለት ጊዜ ተኮሰች። ጋሽ ወንድሜነህ ክራቫት አሰረ። እኔ የጥምቀት ቀሚሴን ለበስኩና ማንም ሳይነግረኝ አንድ ነገር ወሰንኩ። እንግዳዋን በራሷ ቋንቋ ልቀበላት።

ሚስስ ማቱር ከአባቴ ኋላ ገባች፤ አጭር፣ ሽበቷን ወደ ኋላ የሰበሰበች፣ መነፅሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ። ሰላምታው አልቆ ሁሉም ወንበር ወንበሩን ሲይዝ መሀል ወለሉ ላይ ቆምኩ። ሁለት እጆቼን ደረቴ ላይ ገጠምኩ። ዓይኗን እያየሁ፣ በአክስቴ ፈገግታ፣

“ቱም ገዴ ሆ!” አልኳት።

የተናገርኩት “አንቺ አህያ ነሽ” ነበር።

ይህንንም፣ የጋሽ ወንድሜነህ “ጃኔ ዶ” “ተዪው” ማለት መሆኑንም፣ ዛሬ ነው የማውቀው። ያኔ የማውቀው አክስቴ የያዘችው ጭልፋ ድስቱ ውስጥ እንደወደቀና ጋሽ ወንድሜነህ ክራቫቱን ማላላት እንደጀመረ ብቻ ነው። ሚስስ ማቱር መነፅሯን ዓይኗ ላይ አደረገች። በደንብ ያልሰማችኝ መሰለኝና ድምፄን ጨምሬ ጸሎቱንም አከልኩላት።

“ከብ ታክ ያሃ ራሄንጌ!”

“እስከ መቼ ነው እዚህ የምንኖረው!” ማለት ነው።

“ምን አለቻት?” አለ አባቴ፣ በኩራት ፊቱ በርቶ።

ማንም ከመመለሱ በፊት እናቴ ቀደመች። በእንግሊዝኛ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ “ገዳችን ነሽ ነው የምትልሽ። ባልና ሚስቱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚባባሉት። እኔና ባለቤቴም ከእነሱ ተምረናል” ብላ ለሚስስ ማቱር አስረዳቻት።

ሚስስ ማቱር እናቴን አየች። አባቴን አየች። ከዚያ አክስቴን ረጅም ጊዜ አየቻት። የአክስቴ ፊት ከቀይ ሥሩ አይለይም ነበር።

“አዎ” አለች ሚስስ ማቱር በመጨረሻ፣ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ። “በጣም ደስ የሚል ሰላምታ ነው። ባሌንም ብዙ ጊዜ እንዲህ ብየዋለሁ።”

ከዚያ በሂንዲ ለአክስቴ አንድ ነገር አለቻት። አክስቴ መለሰች። ሴትየዋ ደግማ ጠየቀች፤ አክስቴ ደግማ መለሰች። ድምፃቸው እየቀለለ ሄደ።

እናቴ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ “ምን እየተባባሉ ነው?” አለችኝ።

“ስለ ከብቶቹ ነው” አልኳት።

ባለፈው ዓመት አክስቴ ቤት ነጭ ሽንኩርት እየላጥን ሳለ፣ ያን ቀን የተባባሉትን ቃል በቃል ነገረችኝ።

“ልጅቷ ይህን ከማን ተማረች?” ነበር የሚስስ ማቱር የመጀመሪያ ጥያቄ።

“ከእኔ ነው። ለባሌ የምለውን ሰምታ ነው።”

“በየቀኑ ትይዋለሽ?”

“እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስለምሄድ እተወዋለሁ።”

“ሁለተኛውንስ?”

“እሱን እሑድም እለዋለሁ።”

በዚህ ጊዜ ሚስስ ማቱር ሳቋን ዋጥ አደረገች። “እኔ ኒው ጀርሲ የባሌ ወንድም ቤት ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ” አለቻት። “እነሱ ደግሞ ሂንዲ ያውቃሉ። ባሌን ለመስደብ ቧንቧ ከፍቼ መታጠቢያ ቤት ነበር የምገባው። አንቺ ዕድለኛ ነሽ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠሽ ትሰድቢያለሽ።”

ምሳው ቀረበ። ሚስስ ማቱር ሽሮውን ወደደችው። ሁለተኛ ሲጨመርላት እጇን እየጠረገች ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰች፣ ሁላችንም እንድንሰማ ይመስለኛል። “እዚያ የመጀመሪያ ቀንሽን ንገሪኝ። ክፍል ገባሽ፣ ከዚያስ?”

አክስቴ እንደማታወራ አውቃለሁና ፈራሁላት። ጋሽ ወንድሜነህም ሊረዳት አፉን ከፈተ። እሷ ግን እጇን አንስታ አስቆመችው።

“አርባ ሁለት ልጆች ነበሩ” አለች። “ስገባ ተነሡና ‘ጉድ ሞርኒንግ ማዳም’ ብለው ዘመሩ። ከዚያ ትንፋሽ የለም። ዓይን ብቻ። ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው አልኩ። ማንም አይመልስም። ከኋላ አንዱ ተነሣና ‘ማዳም፣ አገርሽ ቤትሽ ውስጥ አንበሳ አለ?’ አለኝ።”

“ምን አልሽው?” አለች እናቴ፣ ኢንተርቪው መሆኑን ረስታ።

“‘ሰባት አሉን’ አልኩት። ‘ጎረቤቶቻችንም ሰባት ሰባት አላቸው። መንደሩ ስምንት ቤት ነው። ማታ ማታ ስንት አንበሳ ነው የምናበላው?’ አርባ ሁለቱም እስክሪብቶ አነሡ። ዓመቱን ሙሉ በአንበሳ ነው የተማርነው። ደመርን፣ ቀነስን፣ አባዛን። ክፍልፋይ ላይ ስንደርስ ነው የተቸገርነው።”

“ለምን?”

“ግማሽ አንበሳ፣ ሩብ አንበሳ ማለት ስጀምር ወላጆች ለፕሪንሲፓሉ አቤት አሉ። ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ናቸው።”

ሚስስ ማቱር መነፅሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ስታበቃ፣ “ሰኞ ከሰዓት በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነይ። አንበሶቹንም ይዘሽ” አለቻት። ቀጥላም ወደ ጋሽ ወንድሜነህ ዞረች። “ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ ቫን አለን። ሹፌር የለንም። የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ አለህ?”

“አለው!” አለ አባቴ፤ ያስወጣለት እሱ ነበር።

“ሰኞ ትጀምራለህ?”

የጂኦግራፊው መምህር ክራቫቱን ነካካ። ከዚያ ያን ነገር አደረገ። ጭንቅላቱን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ።

“በጣም ጥሩ” አለች ሚስስ ማቱር ወዲያው። “ሰኞ ከሰዓት በስምንት ሰዓት እጠብቅሃለሁ።”

በዚህ አገር የመጀመሪያዋ የተረዳችው ሰው ናት። ጋሽ ወንድሜነህ አፉን ከፍቶ ቀረ። አክስቴ በሂንዲ ምንም አላለችውም፤ ሽሮ ብቻ ጨመረችለት።

ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ለቀቁን። አሌክሳንድሪያ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት አገኙ፣ ከሥራቸው ሦስት መንገድ ወዲህ። እናቴ “ምን ጎድሎባችሁ ነው?” ብላ ሁለት ቀን አኮረፈች። እኔ የተመለሰልኝን መኝታ ቤት ገብቼ አየሁት፤ ሰፊና ባዶ ነበር፤ አልወደድኩትም። እስከ ዛሬ የማይለቀኝን ፀፀትም ያኔ ነው የጀመርኩት። ሁሉም ነገር የሆነው እኔ ያን ቃል ለእንግዳ ከሰጠሁ በኋላ ስለሆነ፣ ያባረርኳቸው እኔ መሰለኝ። “እስከ ዛሬ” ያልኩት እስከ ባለፈው ዓመት ነጭ ሽንኩርት ድረስ ነው። አክስቴ ያን ቀን ሌላም ነገር አስምላኛለች። ለእናቴ መቼም ቢሆን እንዳልነግራት። ምክንያቱም አባቴ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ሲፈልግ “ገዴ!” ይላታል፤ እሷም እንዳልሰማች ሆና ያስደግመዋል።

ዕቃ ያጓጓዝን ቀን ጥር ነበር፤ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። አባቴና እናቴ የቀረውን ዕቃ ሊያመጡ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲመለሱ እኔ አሌክሳንድሪያ ቀረሁ። ቤቱ ወንበር እንኳ የለውም። አምፖሉ እርቃኑን ተንጠልጥሏል፤ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ ይዘላል። ኩሽናው ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ብስኩት እየበላሁ ሳለ ከመኝታ ክፍሉ ጩኸት ሰማሁ።

“ወደ መስኮቱ አይደለም አልኩህ! ብርዱ ሊገድለን ነው?”

“ታዲያ የት ላድርገው? ጭንቅላቴ ላይ?”

“መጀመሪያ ነው የነገርኩህ! መቼ ነው አንተ ሰው ሲናገር የምትሰማው?”

“መቼ ነው አንቺ ዝም የምትይው?”

ብስኩቱ አፌ ውስጥ ደረቀ። አማርኛ ነበር። ንጹሕ፣ ጎረቤት የሚያስደነግጥ አማርኛ። በዚያ ሁሉ ወር እኛ ቤት ሲኖሩ ከእነሱ አንድም ክፉ ቃል ሰምቼ አላውቅም፤ እኛን ለቀው ገና አንድ ቀን ሳይሞላቸው ተጣሉ። አልጋው ወለሉ ላይ እየተንቋቋ ይጎተታል፣ ጋሽ ወንድሜነህ ያማርራል፣ አክስቴ ትጮኻለች። ፊቴን በሁለት እጆቼ ሸፍኜ ማልቀስ ጀመርኩ።

አክስቴ ዶሮ እንደሚያባርር ሰው እጅጌዋን ሰብስባ፣ ፀጉሯ ተበታትኖ፣ አቧራ ለብሳ ወጣች። ስታየኝ ደነገጠች።

“ዮሐንዬ! ምን ሆንሽ? ወደቅሽ እንዴ?”

“እየተጣላችሁ ነው” አልኳት በሳግ።

አክስቴ ፊቴን አየች። ወደ መኝታ ክፍሉ ዞረች፣ ወደ እኔ ተመለሰች። ከዚያ ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና ሳቀች። አፏን ሳትሸፍን፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከመጣች ጀምሮ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

“አዎ፣ እየተጣላን ነው” አለችኝ፣ እንባዬን በአቧራማ መዳፏ እየጠረገች። “ቤታችን ነዋ!”

“ስሂን! አልጋው በሩ ላይ ተቀረቀረ!” ብሎ ጋሽ ወንድሜነህ ከውስጥ ጮኸ።

“የነገርኩህን ብትሰማ ኖሮ አይቀረቀርም ነበር!” ብላ ከእሱ በላይ ጮኸችና ተነሥታ ሄደች።